አሥራ አራተኛዋ ተሳፋሪ

ናሊያካ ኪሌሌ ላይ የቀራት አንድ ቀን ነበር። እሱም ቢሆን እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ኪሌሌ የናይሮቢ ጦማሪዎች ጽሑፋቸውን የሚሰቅሉበት፣ አባላቱም ደስ ያላቸውን ጽሑፍ በድምፅ ወደ ላይ የሚያወጡበት ድረ ገጽ ነው። ደንቡን ላነበበው ፍትሐዊ ነው፤ ድምፅ ያገኘ ይወጣል፣ ያላገኘ ይወርዳል። ችግሩ ሰው የሚያነበው ላይኛውን ብቻ መሆኑ ነው። ላይ ያለው ስለሚነበብ ድምፅ ያገኛል፣ ድምፅ ስላገኘም ላይ ይቀመጣል። ታች ያለው ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ጎን ተኝቶ ምጽአትን ይጠብቃል። ለአዲስ ገቢ ደግሞ ተጨማሪ ደንብ አለው። በሠላሳ ቀን ውስጥ አንድ ጽሑፉ ሃያ ድምፅ ካልሞላለት ስሙ ይፋቃል፤ ዓመት እስኪሞላም አይመለስም። ነባሮቹ ይህ ደንብ ጀማሪውን ለማበርታት የወጣ ነው ይላሉ። እነሱ ሲገቡ አልነበረም።

ናሊያካ በሃያ ዘጠኝ ቀን አሥራ አንድ ጽሑፍ ሰቅላ ከሁሉ የተሻለው ያገኘው አራት ድምፅ ነው። ከአራቱ አንዱ የእናቷ ነበር። እናትየው ከቡንጎማ ደውለው «የቱን ነው የምጫነው?» እያሉ ሲጠይቁ የወር ሙሉ ካርዳቸው አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ለልጃቸው ከመጸለይ በቀር የሚያደርጉላት አልነበረም።

የመጀመሪያውን ገጽ አናት የያዘው ምዜ ካላሙ ይባላል፤ ሽማግሌው ብዕር እንደማለት ነው። ሽማግሌው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች የሚሠሩ ሹፌሮች አድማ ስለመቱ ከተማው በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ካላሙም ሦስት መስመር ጽፏል። «ዛሬ አድማ ነው። በእግሬ እየሄድኩ ነው። ጫማዬ ጠቦኛል።» ገና አራት ሰዓት ሳይሆን ሁለት መቶ አርባ ድምፅ። ከሥሩም «ጥልቅ ነው» ያለ አለ፤ «የአገሪቱን ሁኔታ በአንድ ጫማ ገለጽከው» ያለም አለ።

ናሊያካም በዚያው ጠዋት የመጨረሻዋን ጥይት ተኩሳለች። ጽሑፉ «መድረሻ የሌላቸው ተሳፋሪዎች» ይባላል፤ ሁለት ሳምንት የደከመችበት፣ በስዋሂሊ የተጻፈ፣ ስድስት ደቂቃ የሚነበብ። ድምፁ ዜሮ ነበር።

የምትሠራበት ኢንተርኔት ቤት ከንጎንግ መስመር ማታቱ ተራ ፊት ለፊት ነው። ባለቤቱ ሙራንጋ ለቀብር ሄዶ አሥራ ስድስቱን ኮምፒውተር ለእሷ ትቶላታል። አድማው ሰዉን አስቀርቶት አንድም ደንበኛ አልነበረም። የአጎቷ ልጅ ባራሳ ገብቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፋ ሲያገኛት ቆም አለ።

«ፕሮፌሰር፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ገና ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ እሞታለሁ።»

ነገሩን ስትነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዘጠነኛውን ገጽ አየው። ጽሑፉን አላየውም፤ ዜሮውን ነው ያየው። ባራሳ የንጎንግ መስመር ተራ አስከባሪ ነው፤ ዜሮ ሲያይ ሕመም ይሰማዋል።

«ይሄ እኮ ባዶ ማታቱ ነው» አለ። «አንቺ ባዶ ማታቱ ትገቢያለሽ?»

«አልገባም።»

«ለምን?»

«ሳይሞላ አይነሳማ።»

«በቃ፣ ሰውም እንደ አንቺ ነው። የሞላው ውስጥ እየተጋፋ ይገባል እንጂ ባዶው ውስጥ እግሩን አያስገባም። ስለዚህ እንሞላዋለን። ልጆቼ ዛሬ ሥራ የላቸውም።»

ልጆቼ የሚላቸው በሥሩ ያሉትን አሥራ አራት ወንበር አሟቂዎች ነው። ግማሾቹ በዕድሜ ይበልጡታል። ሥራቸው ባዶ ማታቱ ውስጥ ገብቶ፣ ቦርሳ ታቅፎ፣ ሰዓት እያዩ የቸኮለ መንገደኛ መምሰል ነው። እውነተኛው መንገደኛ የሞላ መኪና አየሁ ብሎ ዘሎ ይገባል። እሱ ሲገባ ከእነሱ አንዱ ቤቱ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሆኖ ይወርዳል። ሌላ ሲገባ ሌላው ይወርዳል። አሥራ አራቱም ወርደው ሲያልቁ መኪናው ንጎንግ ይሄዳል፤ እነሱ ወደሚቀጥለው ባዶ መኪና። በቀን ሃያ ጊዜ ይሳፈራሉ፤ የትም አይደርሱም። ናሊያካ ሁለት ሳምንት የጻፈችውም ስለ እነሱው ነበር።

«ባራሳ፣ ይሄ ማጭበርበር ነው።»

«ማጭበርበርማ የጫማው ሰውዬ ነው። እኛ ወንበሩን እናሞቃለን እንጂ ለሹፌሩ አንነዳለትም። ጽሑፍሽ ሞተር ካለው ራሱ ይሄዳል፤ ከሌለው እኛም ገፍተን አንጨርሰውም።»

ናሊያካ ሰዓቱን አየች፣ ዜሮውን አየች። ሕሊናዋ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ባራሳ ሻይና ማንዳዚ፣ ያን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ሊያዝ ወጥቶ ነበር። ክፍያው እሱ ነው፤ ለነፍስ ወከፍ አንድ ሻይና ሁለት ማንዳዚ።

አሥራ አራቱ ገቡ። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡም ልማዳቸው አልለቀቃቸውም፤ ሁሉም ቦርሳውን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ሁሉም ሰዓቱን አየ። አንዱ በመስኮት በኩል ካልተቀመጥኩ ያዞረኛል ብሎ ቦታ ተቀየረለት። አካውንት መክፈቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከሁሉም መጨረሻ፣ ግድግዳው ሥር ያለው አሥራ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡት ማማ ሲዮምቡዋ ነበሩ። በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። እኚህ ሴት ማታቱ ውስጥ ሆነው «ወይኔ፣ ዛሬም ልዘገይ ነው» ብለው የሚተነፍሷት ትንፋሽ አለች፤ እሷን የሰማ መንገደኛ ሳይቸኩልም ይቸኩላል። አንድ እጀታው በክር የታሰረ መነጽር ከቦርሳቸው አውጥተው አጠለቁ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አራት ድምፅ ሞላ። ጽሑፉ ከዘጠነኛው ገጽ ተነስቶ ሁለተኛው ላይ ተቀመጠ። ባራሳ እጁን አጨበጨበና «በሉ፣ ሥራችሁን ታውቃላችሁ» ብሎ የአድማውን ወሬ ሊሰማ ወጣ። ናሊያካም ሻይ ልትቀዳ ተነሳች።

ስትመለስ አሥራ አራት። ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ አራት። ሰባት ሰዓት ላይም አሥራ አራት። ከጽሑፉ ሥር ግን ሰው እየመጣ ይጽፋል። ከኪሱሙ አንዱ «እኔም አንድ ቀን ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ቦታ ልልቀቅልህ ብዬ ለምኛለሁ» ብሏል። ከናኩሩ አንዷ «ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ ይህች ልጅ ማን ናት?» ብላለች። ናሊያካ ገጹን አደሰችው። አሥራ አራት። ድረ ገጹ ተበላሽቷል ብላ ኮምፒውተሩን አጠፋችና አበራች፤ አሥራ አራት። በመጨረሻ የድምፅ ሰጪዎቹን ስም ዝርዝር ስትከፍት ከሁለቱ በቀር አንዱንም አታውቀውም። ሌሎቹ ወንበር አሟቂዎቿ የሉም። ቀና ስትል ግን አሉ፤ ቦርሳቸውን ታቅፈው ስክሪኑን እንደ ማታቱ በር በንቃት ይጠብቃሉ።

በዚያው ቅጽበት በመስኮት በኩል የተቀመጠው ሰው «አንዲት ሴት ገባች» ብሎ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ማንዳዚውን መብላት ጀመረ።

«ምን አደረግህ?»

«ወረድኩ።»

«ምን ማለት ነው ወረድኩ?»

«ድምፄን አነሳሁ። እሷ ገባች አይደል?»

ናሊያካ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ሌሎቻችሁስ?»

«እኛ ቀድመን ወርደናል» አለ ከወዲያ አንዱ፣ ነገሩ አላስደነቀውም። «እህቴ፣ ተሳፋሪ ሲገባ ወንበር ይዘሽ ከቀረሽ ነገ ማን ይቀጥርሻል?»

«እዚህ እኮ ወንበር አያልቅም። ሺህ ሰው ቢገባም ይበቃል።»

ሰዎቹ ተያዩ። ወንበር የማያልቅበት መኪና አይተው አያውቁም። ይህን ቀድማ ብትነግራቸው ጥሩ እንደነበር በትሕትና ገለጹላት። እንደገና ድምፅ ስጡ ብላ ስታስሞክራቸው ኪሌሌ ቀይ ጽሑፍ አወጣባቸው፤ አንድ ጊዜ የተነሳ ድምፅ አይመለስም። አሥራ ሦስቱ ወርደው አሥራ ሦስት እውነተኛ ሰው ገብቷል። አሥራ አራተኛው ድምፅ የማማ ሲዮምቡዋ ነው፤ እሳቸው አልወረዱም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ፊደል በፊደል ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከውጭ የጥሩንባ ድምፅ ተሰማ። አድማው አብቅቷል። አሥራ ሦስቱ እንደ አንድ ሰው ተነሱ፤ ባራሳ በሩ ላይ ሆኖ ይጠራል፣ ባዶ ማታቱዎች ተሰልፈዋል።

«ማማ፣ አይመጡም?» አለ።

«ሂድ አንተ፣ መጣሁ» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

ከተማው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ማታቱ ሮጠ። ኪሌሌን የሚያይ ጠፋ። አሥር ሰዓት፣ አሥራ አራት። ናሊያካ የራሷን ጽሑፍ ከፍታ አነበበችው፤ የሟችን ፎቶ እንደሚያዩት።

ያዳናት ምዜ ካላሙ ነው፤ ሊያጠፋት ሲል። ካላሙ የበታቾቹን የሚያይ ሰው አይደለም፣ ነገር ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ የማያውቀው ስም መታየቱ ከጫማው ይልቅ ጠበበው። በአንድ ጠዋት ከአንድ ቦታ አሥራ አራት አዲስ አካውንት መከፈቱን ደረሰበትና በትልቁ ጻፈ። «ወንድሞችና እህቶች፣ በመካከላችን የተቀጠረ ሕዝብ ያላት ጀማሪ ገብታለች። ይህች ልጅ ዛሬውኑ ትፋቅ።» ይህ ደግሞ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዘጠና ድምፅ አገኘ።

ብዙም ሳይቆይ የኢንተርኔት ቤቱ ስልክ ጮኸ። የኪሌሌ ዳኛ ሻሚም ነበረች፣ ከሞምባሳ። ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ነው።

«ናሊያካ አንቺ ነሽ? ሰው ቀጥረሻል?»

ናሊያካ ልትክድ አስባ ነበር። «ቀጥሬያለሁ» አለች። «ግን ሁሉም ወርደዋል።»

«አይቻለሁ። ስድስት ዓመት እዚህ ስሠራ በሐሰት ድምፅ የሰጠ አይቻለሁ፤ ለጨዋነት ብሎ ያነሳ ግን አላየሁም። አንዷ አልወረደችም። ሲዮምቡዋ የምትባል።»

«እዚሁ ናቸው።»

«ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊኝ። እማማ፣ ለዚህ ድምፅ ተከፍሎዎታል?»

«አዎ» አሉ ማማ ሲዮምቡዋ። «ሻይና ሁለት ማንዳዚ።»

ናሊያካ ዓይኗን ጨፈነች።

«ታዲያ ሌሎቹ ሲወርዱ ለምን አልወረዱም?»

«አልጨረስኩም።»

«ምኑን?»

«ንባቡን ነዋ። አሁን ገና እኔ ላይ ደረሰ። መሀል መንገድ ላይ ልውረድ?»

ከሞምባሳ በኩል የታፈነ ድምፅ ተሰማ። የሳቀች ይመስላል፣ ግን ዳኛ ስለሆነች ስልኩን ከአፏ አርቃለች።

«እማማ፣ በማንዳዚ የተሰጠውን ድምፅ እሰርዘዋለሁ።»

«ሰርዢው። ማንዳዚውንም ውሰጂ፣ አልነካሁትም።» እውነታቸውን ነው፤ ለልጅ ልጃቸው በሶፍት ጠቅልለውት ነበር።

«የተሰረዘው ተሰርዞ፣ አንብበው ሲጨርሱ በራስዎ ደስ ካለዎት አንድ ጊዜ እንዲጫኑ እከፍትልዎታለሁ። ናሊያካ፣ አንቺ ግን አፍሽን ከፍተሽ አንድ ነገር ብትያቸው ሁለታችሁንም እፍቃለሁ። ስልኩን አትዝጊው፣ እሰማለሁ።»

ወዲያው ሻሚም ብይኗን አወጣች። «ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፤ አንዱን ሰርዣለሁ። ደግሞ እጄ ከገባ አይቀር፣ የምዜ ካላሙን ጫማ ከደገፉት ሁለት መቶ አርባ ሰዎች ገጹን የከፈቱት ሠላሳ አንድ ብቻ ናቸው። ሦስት መስመር ነበረች።»

ሰው የማያነብ ሊሆን ይችላል፤ ጠብ ባለበት መሰብሰብ ግን አይሳነውም። ማታቱ ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠው ሁሉ ይህች የተቀጠረ ሕዝብ ያላት ልጅ ምን ጽፋ ነው ብሎ ገባ። የሚያነበው ስለ ማታቱ ነበር፣ ያውም ማታቱ ውስጥ ሆኖ፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው በጥርጣሬ እየገላመጠ። አሥራ አራት። አሥራ ስድስት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ስምንት። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ አሥራ ዘጠኝ። እዚያ ላይ ቆመ።

ማማ ሲዮምቡዋ ጣታቸው ከመጨረሻው በፊት ያለው አንቀጽ ላይ ነው።

«ሻሼን አረንጓዴ ብለሻል።»

ናሊያካ አፏን ይዛ አንገቷን ነቀነቀች።

«ይሄ አረንጓዴ ነው? ሰማያዊ ነው። ታጥቦ ታጥቦ ነው እንጂ።» ወደ ቀጣዩ መስመር ሄዱ። «ትንፋሿ መንገደኛ ያባርራል ትያለሽ። አያባርርም፣ ያስገባል። እሺ፣ ገባኝ፣ ወደ መኪናው ያባርራል ማለትሽ ነው።»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ደረሱ። እሱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ ነበር። ናሊያካ ማንዳዚ አንስታ አፏ ውስጥ ወተፈችው፣ የምትናገረው እንዳይኖር።

«ንጎንግን አይታ አታውቅም ብለሻል።»

ናሊያካ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ራሳቸው እንደነገሯት በዓይኗ ለማስረዳት ሞከረች።

«እውነት ነው፣ አላየሁም ብዬሻለሁ። አንድ ጊዜ ግን እንቅልፍ ወስዶኝ ደርሻለሁ። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። ነፋስ ብቻ ነው፣ ምንም የለውም።» መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሻሻቸው ጠረጉት፣ መልሰው አጠለቁት። ሦስት ደቂቃ ቀረ። «ጨረስኩ።»

ከስልኩ ውስጥ የሻሚም ትንፋሽ ይሰማል።

«መጨረሻው ላይ ትንሽ ደክሞሻል» አሉ ማማ ሲዮምቡዋ። «አልቅሱልኝ የምትይ ትመስያለሽ። እኛ እኮ አንድ ቀንም አላለቀስንም፤ ስንወርድ ነው የምንስቀው፣ ያ ሰውዬ ተሸወደ እያልን።» አሰቡ። «ቢሆንም አንድም ቦታ ላይ ልውረድ አላሰኘኝም። ልጄ፣ የሚጫነው የቱ ነበር?»

ናሊያካ በማንዳዚ የተወተፈ አፏን ይዛ እንባዋ መጣ። እናቷ በዚሁ ጥያቄ የወር ካርድ ጨርሰዋል። ሁለት ደቂቃ።

«አይ፣ አንቺን አትናገሪ ብላሻለች» አሉ አሮጊቷ። በባዶው ክፍል ዙሪያ ወንበሮቹን አዩ። «ቆይ፣ ልጆቹ ሲወርዱ የት ነበር የተጫኑት? መውጫና መግቢያው መቼም አንድ በር ነው።» ጣታቸውን አንስተው፣ አነጣጥረው፣ ጠቅ አደረጉ።

ሃያ።

«ገባሁ?» አሉ።

«ገብተዋል፣ እማማ» አለች ሻሚም ከሞምባሳ። «ናሊያካ፣ ማንዳዚውን ዋጪ።»

በማግስቱ ናሊያካ እንደ ነባር አባል የመጀመሪያዋን ጽሑፍ ሰቀለች። እሱም ስድስት ደቂቃ የሚነበብ ነበር። በአሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ሰባት ድምፅ አገኘ፤ ከሥሩም «ጥልቅ ነው» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ከሰባቱ የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ስታይ ምዜ ካላሙ ነው።

ገጹን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ማየት ትታለች፤ አንድ ስም ብቻ ትጠብቃለች። እሱም በሦስተኛው ቀን፣ ማታቱ በማይሞላበት በቀትር ሰዓት መጣ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦ «አራተኛው አንቀጽ ላይ ልወርድ ነበር። ዝናብ ስለነበረ ቆየሁ። በፊተኛው ጽሑፍሽ ላይ ሻሹ አሁንም አረንጓዴ ነው፣ አስተካክዪ።»